የማትናገር እጅ፦ የምልክት ጥሪ በእንግሊዝኛ ተውኔትና ትረካ

«ሐምሌት»ን የሚተነትኑ ምሁራን የጋራ ችኮላ አላቸው። የሞተው ንጉሥ አፉን ወደሚከፍትበት፣ ወደ መጀመሪያው ገቢር አምስተኛ ትዕይንት ይጣደፋሉ። ደብልዩ ደብልዩ ግሬግ በ1917 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መንፈሱ ለልጁ የነገረው ታሪክ የልጁ የራሱ ቅዠት ነው ብሎ ተከራከረ። ጆን ዶቨር ዊልሰን ያ ጽሑፍ ያስነሳበትን ሙግት በ1935 ባሳተመው መጽሐፍ መለሰ። ስቲቨን ግሪንብላት ደግሞ በ2001 መንፈሱን ፕሮቴስታንቷ እንግሊዝ ከሻረችው የካቶሊኮች የመንጻት ስፍራ ጋር አያይዞ ለውይይቱ ሌላ መንገድ ከፈተ። ሦስቱም በዋናነት የሚሟገቱት ስለ ተናጋሪው መንፈስ ነው፤ ከየት መጣ፣ ያለው እውነት ነው ወይ፣ ማን ሰማው። ከዚያ በፊት ባለው ትዕይንት ግን መንፈሱ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ በእጁ ጠርቷል፤ ልዑሉም ተከትሎታል። ይህን የንግግሩ መግቢያ በር ብቻ አድርጎ ማለፍ ልማድ ሆኗል።

የዚህ ዳሰሳ አቋም የዚህ ተቃራኒ ነው። በእንግሊዝኛ በተጻፉ ታላላቅ ሥራዎች ውስጥ የእጅ ጥሪ ለሚቀጥለው ቃል መንደርደሪያ አይደለም፤ ዋናው ድርጊት እሱ ነው። እጅ «ና» ሲል ለምን፣ ወዴት፣ እስከ መቼ አይልም። የጎደለውን የሚሞላው ተጠሪው ነው። ስለዚህ ጥሪውን የተከተለ ሰው ኋላ «እንዲህ ተብዬ ነበር» ብሎ የሚያቀርበው ማስረጃ የለውም፤ ጠሪውም «እንዲህ አላልሁም» ለማለት ምንጊዜም ነጻ ነው። ይህን የተረዱ ደራስያን ከአንዲት የእጅ እንቅስቃሴ ሙሉ ተውኔት አውጥተዋል። ያልተረዱት፣ ወይም ተረድተው የፈሩት፣ እጅን የመንገድ ማመልከቻ ሰሌዳ አድርገው ትተውታል። ቻርልስ ዲከንስ በሁለቱም ወገን ይገኛል፤ አብዛኛው ጽሑፌም በእሱ ላይ የሚያርፈው ለዚህ ነው።

እንግሊዝኛ ለዚህ ተግባር ግሥ አላጣም። «ቤክን» ጠሪው በቆመበት ሆኖ ሌላውን ወደ ራሱ የሚስብበት ነው። «ሞሽን» አጭርና ቁርጥ ያለ ምልክት ነው። «ሄይል» መርከብንም ታክሲንም ከሩቅ የሚጠሩበት፣ ድምፅና እጅ የሚቀላቀሉበት ነው። «ፍላግ ዳውን» የሚያልፍን ተሽከርካሪ ማስቆሚያ ነው። «ዌቭ» እጅን ማወዛወዝ ነው፤ መምጣትንም መሄድንም ስንብትንም ይይዛል። በሼክስፒር ዘመን «ዋፍት»ም ነበረ፤ በ«ቬኒሱ ነጋዴ» ውስጥ ዳይዶ የአኻያ ቅርንጫፍ ይዛ ባሕር ዳር ቆማ ጥሏት የሄደውን ፍቅረኛዋን የምትመልሰው፣ በ«አቴንሱ ታይመን» ውስጥም ዕድል በነጭ እጇ አንዱን ሰው ወደ ኮረብታዋ የምትጠራው በዚህ ግሥ ነው። መዝገበ ቃላት ጎን ለጎን ይደረድራቸዋል። ደራሲ ግን ከመካከላቸው ሲመርጥ ኀላፊነት እያከፋፈለ ነው። በ«ቤክን» የጠሪው ፈቃድ ይታወቃል። በ«ዌቭ» ግን እጁ እየታየ ፈቃዱ ይሰወራል፤ ና ይበል ሂድ አይለይም። ሼክስፒር በአንዱ ጀምሮ ወደ ሌላው የሚሻገርበትን ቦታ ከዚህ በታች እናያለን።

በ1604 እና 1605 በታተመው ሁለተኛው ኳርቶ ላይ የመድረክ መመሪያው አንድ ግሥ ብቻ ነው። የ1623ቱ ፎሊዮ ማን ማንን እንደጠራ ይጨምርበታል። መዳፉ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች፣ ጣት ይሁን ክንድ፣ አንዳቸውም አይናገሩም። ወዲያው ግን ሦስት ሰዎች ያንን አንድ እጅ በሦስት መንገድ ያነቡታል። ሆሬሾ፣ የተማረው፣ መንፈሱ ለልዑሉ ለብቻው የሚነግረው ነገር ያለው ይመስላል ይላል፤ እጁን ወደ ሐሳብ ይለውጠዋል። ማርሴለስ፣ ወታደሩ፣ እጁ ላይ ጨዋነት ያያል፤ በምን ዓይነት አክብሮት ወደ ራቅ ያለ ስፍራ እንደሚጠራው አድንቆ ሳይጨርስ አትሂድ ይላል። የዘብ ሰው ነውና ከሻካራ ጥሪ ይልቅ ለስላሳ ጥሪ እንደሚያሰጋ ያውቃል። ግሡ ከ«ቤክን» ወደ «ዌቭ» የሚዞረውም በእሱ አፍ ነው። ሐምሌት እጁን ጨርሶ አይተነትንም። የማይናገር ከሆነ እከተለዋለሁ ነው መልሱ። ለሌላ ሰው የመንፈሱ ዝምታ የመቅረት ምክንያት ይሆን ነበር፤ ለእሱ የመሄድ ምክንያት ሆነ።

ቀጥሎ ያለው የሼክስፒር የመድረክ ጥበብ ጎልቶ የሚታይበት ነው። ጓደኞቹ ይይዙታል። አሁን መድረኩ ላይ ሁለት ዓይነት እጅ አለ፤ የሚጨብጥና የማይነካ። የሚጨብጡት የወዳጅ እጆች ናቸው፤ ምክንያታቸውም ተዘርዝሯል። ሆሬሾ ገደሉን፣ ከሥር የሚያገሳውን ባሕር፣ አእምሮ መሳትን አንድ በአንድ ይቆጥርለታል። የማይነካው እጅ አንድም ምክንያት አላቀረበም። ያሸነፈው እሱ ነው። ልዑሉ ከወዳጆቹ ለመላቀቅ የሚያግደኝን እገድላለሁ እስከ ማለት ይደርሳል፤ ያልተናገረውን እጅም የዕጣው ጩኸት አድርጎ ይሰማዋል። ተጠርቻለሁ ይላል፤ በድምፅ የጠራው ግን የለም።

በአምስተኛው ትዕይንት መግቢያ ሐምሌት በድንገት ይቆማል። ከዚህ አልፌ አልሄድም፣ ተናገር ይላል። መንፈሱም ይናገራል፤ መርዙን፣ የወንድሙን ክህደት፣ የሚጠብቀውን በቀል። የተውኔቱ እንቆቅልሽ የተቋጠረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ያለ ቃል የመጣውን ጥሪ በቅጽበት ያመነ ሰው በቃል የተነገረውን ሲሰማ ይጠራጠራል። በሁለተኛው ገቢር መጨረሻ መንፈሱ ሰይጣን ሊሆን ይችላል ብሎ ያመነታል፤ በሦስተኛው ተዋንያን አሰልፎ የአጎቱን ፊት ይመረምራል። ንግግሩ ማስረጃ ጠየቀ፤ እጁ አልጠየቀም። ንግግሩ የመንፈሱ ነበር፤ የእጁን ትርጉም የጻፈው ግን ሐምሌት ራሱ ነው፤ ሰው ደግሞ የገዛ ድርሰቱን አይጠራጠርም። ግሬግ የመንፈሱን ታሪክ የሐምሌት ቅዠት ነው ሲል የዘገየው በአንድ ትዕይንት ነው። ልዑሉ የደረሰው ነገር ካለ፣ የደረሰው አባቱ አፉን ሳይከፍት ነው።

ተውኔቱን ወደ አማርኛ የመለሰው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው፤ «ኦቴሎ»ንና «ማክቤዝ»ንም እንዲሁ። የጸጋዬ ሼክስፒር በተነሣ ቁጥር የሚነሣው የቃሉ ክብደት ነው፤ በዚህች ቦታ ላይ ግን ተርጓሚው ገጣሚው ሳይሆን ተዋናዩ ነው። የለንደን ተዋናይ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ጣቶቹን ወደ ራሱ ያጥፋል፤ በአንድ ጣት ቢጠራም አያስነውርም ይሆናል። እኛ ዘንድ መዳፍ ወደ ታች ይደረግና ጣቶች ይሰበሰባሉ፤ አዋቂን በአንድ ጣት መጥራት ንቀት ነው። ማርሴለስ ያየው ጨዋነት በአዲስ አበባ መድረክ ላይ የሚኖረው ወይም የሚጠፋው በመዳፉ አቅጣጫ ነው ማለት ነው። የለንደኑን ጣት እንዳለ የቀዳ አዘጋጅ ንጉሡን ባለጌ፣ ማርሴለስን ደግሞ ዕውር ያደርጋቸዋል።

በ«ኦቴሎ» አራተኛ ገቢር ሼክስፒር ያንኑ መሣሪያ ለተንኮለኛ ያስይዘዋል። ኢያጎ ጌታውን ሸሽጎ ያቆመውና ካሲዮን ያስለፈልፈዋል፤ ፊቱንና እጁን እያየህ ፍረድ ብሎታል። ካሲዮ የሚስቀው በቢያንካ ነው፤ ኦቴሎ በሚስቱ በዴስዴሞና የሚስቅ ይመስለዋል። መሐል ላይ ኢያጎ በምልክት ይጠቅሰዋል፤ ኦቴሎም ወሬው ሊጀመር ነው ብሎ ጆሮውን ያቀናል። በ1622ቱ ኳርቶ ጥሪው በግልጽ ተጽፏል። በፎሊዮው በዚያው ስፍራ ለቦታው የማይስማማ ሌላ ግሥ ገብቷል፤ የዛሬ አዘጋጆችም አብዛኛውን ጊዜ ኳርቶውን ይከተላሉ። ትዕይንቱ ብልህ ነው፤ ጥልቅ ነው ለማለት ግን ይቸግረኛል። ሐምሌት የጎደለውን ራሱ ጽፏል። ለኦቴሎ ግን ኢያጎ አስቀድሞ ጽፎ ሰጥቶታል፤ የቀረው ማንበብ ብቻ ነበር።

ከሼክስፒር በኋላ የምትጣራ ጥላ የገጣሚዎች ዕቃ ሆነች። በ1634 በለድሎ ቤተ መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ በታየው የሚልተን «ኮመስ» ውስጥ በጫካ የጠፋችው እመቤት በእጅ ስለሚጠሩ ጥላዎች ታስባለች። ፖፕ በ1717 ላሳተመው ሙሾ መግቢያ በጨረቃ ብርሃን የምትጠቅስ መንፈስ አቆመ። ሁለቱም ያምራሉ፤ ሁለቱም ጌጥ ናቸው። ተነሥቶ የሚሄድ የለምና። ተጠሪው የማይከፍልበት ጥሪ የገጣሚ ክህሎት ማሳያ ከመሆን አያልፍም።

በዲሴምበር 1843 የወጣው የዲከንስ «የገና መዝሙር» ሲጀምር ተስፋ ይሰጣል። የባለታሪኩ የስክሩጅ ሟች ሸሪክ፣ የማርሊ መንፈስ፣ የኋሊት እየተራመደ ወደ መስኮቱ ይሄዳል፤ ስክሩጅን ቅረብ ብሎ በእጁ ይጠራዋል፤ ሁለት እርምጃ ሲቀረው እጁን አንሥቶ ቁም ይለዋል። ስክሩጅ የሚቆመው ስለታዘዘ ሳይሆን ስለደነገጠ ነው። ያው መንፈስ በአንድ ትንፋሽ ና እና አትምጣ አለው፤ በሁለቱ መካከል ያለችው ሁለት እርምጃ ደግሞ የሟችና የሕያው ወሰን ሆነች። ይህን የጻፈ ደራሲ መሣሪያውን ያውቀዋል።

ብዙዎች የሚያደንቁት ግን ይህን ሳይሆን የመጨረሻውን መንፈስ ነው፤ ጥቁር የተከናነበውን፣ ፊቱ የማይታየውን፣ አንድ የተዘረጋ እጅ ብቻ የሚታይበትን። አንድም ቃል ስለማይናገር ዝምተኛ ይባላል። አልስማማም። ያ እጅ በመጽሐፉ ውስጥ ካለ ገጸ ባሕርይ ሁሉ የባሰ ለፍላፊ ነው። ወደ ነጋዴዎቹ ይጠቁማል፤ ስማቸው ማለቱ ነው። ወደ አስከሬኑ ራስጌ ይጠቁማል፤ ግለጠው ማለቱ ነው። ወደ መቃብሩ ይጠቁማል፤ ድንጋዩ ላይ የስክሩጅ ስም በሙሉ ተቀርጿል። የጎደለ ነገር ስለሌለ ተጠሪው የሚሞላው የለውም፤ ሥራው ማንበብና መጮኽ ብቻ ነው። ይባስ ብሎ በመጨረሻ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ተራኪውም ርኅሩኅ መሆኑን ይነግረናል። ስክሩጅ ገና መቃብሩ ላይ ተደፍቶ ሳለ ምሕረቱ ተበሥሯል። ይህን የደራሲው ደግነት የሚሉት አሉ። እኔ በአንባቢ አለመተማመን ነው የምለው፤ ዲከንስ እጁን ያንቀጠቀጠው እኛ እንዳንንቀጠቀጥ ነው።

ከዚህ ይልቅ አንድ የሆሊዉድ ፊልም ይሻላል ብል የሚቆጣኝ ይኖራል። በሄርማን ሜልቪል የ1851 «ሞቢ ዲክ» መደምደሚያ ከዓሣ ነባሪው ጎን በገመድ ተጠፍሮ የሚታየው የፌዳላ አስከሬን ነው፤ ካፒቴን ኤሃብ በገዛ ጦሩ ገመድ አንገቱን ተይዞ በቅጽበት ይሰወራል። የሚጠራ እጅ የለም። በጆን ሂውስተን የ1956 ፊልም፣ ሬይ ብራድበሪና ሂውስተን በጻፉት የፊልም ጽሑፍ፣ የተጠፈረው ኤሃብ ራሱ ሆነ። ዓሣ ነባሪው በተገላበጠ ቁጥር የሞተው የግሪጎሪ ፔክ ክንድ ይወዛወዛል። መርከበኞቹ ይጠራናል ብለው ይከተላሉ፤ ከአንዱ በቀር ያልቃሉ። ክንዱን ያነቃነቀው ባሕሩና የዓሣው ጀርባ ነው፤ ማንም አልጠራም። የሚሞቱበትን ትእዛዝ የጻፉት የሚሞቱት ሰዎች ናቸው። ፊልሙ ይህን አስቀድሞ በኤላይጃ ትንቢት ማስነገሩ ድክመት ነው፤ ተመልካቹን ሥራ ያስፈታዋል። ቢሆንም የስክሩጅ መንፈስ በበርካታ ገጽ ያላገኘውን ይህ ሬሳ በጥቂት ሰኮንዶች አግኝቶታል። ከሜልቪል ልቦለድ ጋር በሌላ በምንም ባላወዳድረውም በዚህች ነጥብ ፊልሙን እመርጣለሁ።

ዲከንስ ግን ከ«የገና መዝሙር» ሃያ ሦስት ዓመት በኋላ ወደዚያው እጅ ተመልሷል። «ምልክት ሰጪው» የተባለችው አጭር ልቦለድ በ1866 ራሱ ያዘጋጀው በነበረው «ኦል ዘ ይር ራውንድ» መጽሔት የገና ልዩ እትም ላይ ወጣች። ተራኪው ከገደል አፋፍ ቆሞ፣ የጀምበሯን ብርሃን በእጁ ከልሎ፣ ከታች ሐዲድ ዳር ያለውን የባቡር ሠራተኛ ይጣራል። ሰውየው ቀና ብሎ እንደማየት ዞሮ ወደ ሐዲዱ ያያል። ቀና ሲልም መውረጃውን ያመለከተው በተጠቀለለ ባንዲራው እንጂ በቃል አይደለም። ታሪኩ ገና በመጀመሪያው ገጽ ጥሪን ከመልስ አለያይቶታል፤ ድምፁ ከላይ መጣ፣ ተጠሪው የፈለገው ከዋሻው በኩል ነው።

ምክንያቱን ኋላ እንሰማለን። ከዋሻው አፍ አጠገብ ባለው ቀይ መብራት ሥር አንድ ምስል ይቆማል፤ ግራ ክንዱ ዐይኑን ጋርዷል፣ ቀኝ ክንዱ በኃይል ይወዛወዛል። ምልክት ሰጪው ሮጦ እጅጌውን ሊይዝ ሲል ተሰወረ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ በመስመሩ ላይ ከባድ አደጋ ደረሰ። በሌላ ጊዜ ምስሉ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ እንደ ሐዘንተኛ ቆመ፤ በዚያው ቀን አንዲት ወጣት ሴት ባቡር ውስጥ ሞተች። አሁን ያ የሚወዛወዝ ክንድ ተመልሷል። ሰውየው ይህን በእጁ እያሳየ ሲተርክ ተራኪው ለእንቅስቃሴው በልቡ ቃል ያበጅለታል፤ መንገዱን ልቀቁ የሚል ልመና። ለማንም አይናገረውም። በመጨረሻ ምልክት ሰጪው በባቡር ተገጭቶ ይሞታል። ባቡር ነጂው እንዴት እንደጮኸለት፣ ላለማየት አንድ ክንዱን ዐይኑ ላይ አድርጎ በሌላው እስከ መጨረሻው እንዴት እንዳወዛወዘ ያሳያል። ከጮኸው መካከል ተራኪው በልቡ ብቻ የያዘው ቃል አለበት።

ብዙ አንባቢ ይህን የሚያስደነግጥ ግጥምጥሞሽ ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ከዚያ በላይ የዕደ ጥበብ ውጤት አየዋለሁ። አንዱ የክንድ አቀማመጥ ሦስት ጊዜ ይመጣል። ተራኪው እጁን ዐይኑ ላይ ያደረገው ለማየት ነው፤ ነጂው ያደረገው ላለማየት ነው፤ የምስሉ ግን ምክንያት አልተሰጠውም። የሚወዛወዘውም ክንድ እንደዚያው ነው፤ ና ነው፣ ሂድ ነው፣ ወይስ ስንብት? ዲከንስ ፈቃዱን የሚሰውረውን ግሥ መርጦ እስከ መጨረሻው መስመር አልለቀቀም። ቃሉ ሲመጣም የመጣው ከመንፈሱ አፍ አይደለም፤ ከተራኪው ልብና ከነጂው ጉሮሮ ነው። የእጁን ዐረፍተ ነገር ሰዎች ጻፉት፤ የጻፉትም ሆነ። በ1843 እጅን በአንባቢ ፊት እንዲለፈልፍ ያደረገው ደራሲ በ1866 አፉን ዘጋው።

የታሪኩ ሁነኛ ገጽ ግን ሞቱ አይደለም። ሰውየው ቴሌግራፉን እያሰበ የሚጨነቅበት ነው። አደጋ አለ ብሎ ወደ ቀጣዩ ጣቢያ ቢልክ ምን ዓይነት አደጋ፣ የት ተብሎ ይጠየቃል። መልስ የለውም። ከሥራ ያስወግዱታል፤ በእነሱ ቦታ ሌላ ምን ይደረግ ይላል ራሱ። እጁ የሰጠው መልእክት ሽቦ ላይ አይወጣም፤ ሽቦው ቦታና ምክንያት ይፈልጋል። ሐምሌት ለእጁ የፈለገውን ትርጉም የሚሰጥ ልዑል ነበር። ይህ ሰው ለትርጉሙ በአለቃ ፊት የሚጠየቅ ሠራተኛ ነው።

ሐያስያኑ በዚህ ምትክ የሚያነሡት የስቴፕልኸርስትን የባቡር አደጋ ነው። ጁን 9 ቀን 1865 ዲከንስ ከፎክስተን ወደ ለንደን የሚሄደው ባቡር ውስጥ ነበር። የጥገና ሠራተኞች በቤልት ወንዝ ድልድይ ላይ ሐዲድ አንሥተው ነበር፤ ኀላፊያቸው የባቡሩን ሰዓት አሳስቶ አንብቧል። አሥር ሰው ሞተ፤ ዲከንስ ለቁስለኞች ውኃና ብራንዲ ሲያቀርብ ዋለ። የሞተውም ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ ጁን 9 ቀን 1870 ነው። ከዚህ በመነሣት «ምልክት ሰጪው» የደራሲው ያልዳነ ድንጋጤ ማስተንፈሻ ተደርጎ ይነበባል። ድንጋጤው እውነት ነው። ንባቡ ግን ከአደጋው ውስጥ ለታሪኩ የሚበጀውን ጥሎ የማይበጀውን ያነሣል። በዚያ ቀን ባንዲራ የያዘ ሰው ነበረ። ደንቡ 1,000 ያርድ ርቆ እንዲቆም ያዝዛል፤ የቆመው በ554 ያርድ ላይ ነው። ነጂው ምልክቱን አይቷል፤ ሲያየው መቆሚያ ርቀት አልቆ ነበር።

ከስቴፕልኸርስት ይልቅ ለታሪኩ የሚቀርበው በኦገስት 25 ቀን 1861 በለንደንና ብራይተን መስመር፣ በክሌይተን ዋሻ የደረሰው አደጋ ነው። የመጀመሪያው ባቡር ሲገባ በራሱ መመለስ የነበረበት የአደጋ ምልክት ሳይመለስ ቀረ። ምልክት ሰጪው ሮጦ ወጥቶ ለሁለተኛው ባቡር ቀይ ባንዲራ አወዛወዘ፤ ባቡሩ ግን ወደ ዋሻው እየገባ ስለነበር ነጂው አላየኝም ብሎ ደመደመ። ነጂው አይቶት ነበር፤ ዋሻው ውስጥ ቆሞ ወደ ኋላ መመለስ ጀመረ። ምልክት ሰጪው በቴሌግራፍ ዋሻው ነጻ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ፤ በሌላው ጫፍ ያለው ባልደረባው የመጀመሪያውን ባቡር ሲወጣ አይቶ ነጻ ነው አለ። ለሦስተኛው ባቡር በዚያን ጊዜ እለፍ ማለት የነበረው ነጭ ባንዲራ ተውለበለበ። ሃያ ሦስት ሰው ሞተ፤ መቶ ሰባ ስድስት ቆሰለ። ሰዎቹን የገደለው ምልክት መጥፋቱ አልነበረም። ቀዩ ባንዲራ ተውለብልቧል፣ ታይቷል፣ ታዝዞለታልም። ያወዛወዘው ሰው መታየቱን ግን አላወቀም።

የባቡሩ ዘመን ለእጅ ጥሪ ያመጣው አዲስ ነገር ይህ ነው። የሼክስፒር መንፈስ የጠራው ሰው መከተሉን ዞር ብሎ ማየት ይችላል። በሐዲድ ላይ ግን ጥሪው በአንድ ወገን፣ መልሱ በሌላ ወገን፣ በመካከላቸውም ዋሻ አለ። ዲከንስ መንፈሱን በዋሻ አፍ ላይ ያቆመው ለማስፈራራት ብቻ ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው ያን ሁሉ ባንዲራ፣ ደወል፣ መብራትና የቴሌግራፍ መርፌ በታሪኩ ውስጥ ለምን እንደደረደረው ማስረዳት ይቸግረዋል።

ስለ ሠራተኛው ማንነትም ዲከንስ አልሰሰተም። በወጣትነቱ የተፈጥሮ ፍልስፍና ትምህርት ተከታትሎ ዕድሉን ያባከነ ሰው ነው። በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ብቻውን ቋንቋ ተምሯል፤ ክፍልፋይ፣ ዴሲማልና ጥቂት አልጀብራ ሞክሯል። ተራኪውን ሁሌ ጌታዬ ይለዋል። በሥራው እንከን የለበትም፤ ደወል በተደወለ ቁጥር ወሬውን አቋርጦ መልእክቱን ያስተላልፋል፤ ባቡር ሲያልፍ ወጥቶ ባንዲራውን ያሳያል። እንዲህ ያለ ሰው ያየውን ለእንግዳ ሲናገር እንግዳው ምን ያደርጋል? ተራኪው የሰማውን እንደ መልእክት አይመዝነውም። ሰውየውን ያረጋጋዋል፤ በአካባቢው ወዳለ ጥሩ ሐኪም አብሬው እሄዳለሁ ብሎም ይወስናል። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ምልክቱን ወደ ሕመም ቀየረው። በማግስቱ ሲመለስ ምልክት ሰጪው ሞቷል።

ስቴፕልኸርስትን ብቻ የሚጠቅሰው ሂስ የሚደግመው ይህንኑ የተራኪውን ደግነት ነው። ትርጉም ያልተሰጠው ምልክት ቀርቦለት ትርጉሙን በመጻፍ ፈንታ ምልክት ሰጪውን፣ አሁን ደግሞ ዲከንስን፣ ሐኪም ዘንድ ይወስደዋል። ከዲከንስ መናፍስት ሁሉ ከአንባቢ ሥራ የሚጠይቀው ይኸኛው ነው፤ ሥራውን ሳይሠሩ ስለ ደራሲው ጤና መጻፍ ለታሪኩ ይቅርና ለደራሲውም ክብር አይሆንም።